የዓይን መርፌ ውድ ነው፤ ኢንሹራንስ ምን ይከፍላል? የቀረውንስ በምን እንሸፍነው?



በአሜሪካ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ወይም ዕድሜያቸው የገፋ አባትና እናት ዓይናቸው ይደክማል፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፣ ሐኪሙም «በየወሩ ዓይን ውስጥ መርፌ ያስፈልጋል» ይላል። ቤተሰቡ በመርፌው ሐሳብ ገና ሳይረጋጋ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የተጻፈበት ደረሰኝ በፖስታ ይመጣል። ብዙ አባቶችና እናቶች ይህን ሲያዩ «ልጆቼን አላስቸግርም» ብለው ቀጠሮውን በዝምታ ይተዉታል። ከወራት በኋላ ቁርኣን ማንበብ ሲያቅታቸው ወይም የሰው ፊት መለየት ሲሳናቸው ነገሩ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ የጠፋው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

በደረሰኙ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ቤተሰቡ በመጨረሻ የሚከፍለው ገንዘብ አይደለም። በመካከል ኢንሹራንስ አለ፣ የመንግሥት ድጋፍ አለ፣ የመድኃኒት አምራቾችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እርዳታም አለ። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍሎ ወይም ምንም ሳይከፍል መታከም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ እናያለን። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መርፌው ምን ይሠራል? ለምንስ አይቋረጥም?

ከዓይናችን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። መሐሉ ላይ ያለችውና ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምባት ትንሽ ቦታ ማኩላ ትባላለች። የስኳር በሽታ ሲቆይ፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሬቲና ደም ሥር ሲዘጋ፣ ደካማ የደም ሥሮች ፈሳሽና ደም ማፍሰስ ይጀምራሉ። ማኩላ ያብጣል፣ እይታም ይደበዝዛል። ይህን ከሚያባብሱት ነገሮች ዋነኛው ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ቪ-ኢ-ጂ-ኤፍ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። መርፌው ይህን ንጥረ ነገር ያግዳል።

ዓይን በጠብታ ከደነዘዘና በፀረ-ጀርም ከታጠበ በኋላ መርፌው የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ የሚቆየው ለሳምንታት መሆኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ይሰጣል፤ ዓይኑ ሲረጋጋ ሐኪሙ ወደ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሳምንታት ያራዝመዋል። በመሐል ያለ ሐኪም ምክር ከተቋረጠ ፈሳሹ ተመልሶ ይመጣል፣ የሬቲና ሕዋሳትንም ይጎዳል። ለዚህ ነው የገንዘቡ ጉዳይ የዓይኑ ጉዳይም የሚሆነው፤ በገንዘብ ምክንያት የዘለለ ቀጠሮ በእይታ ይከፈላል።

አንዱ መርፌ ርካሽ፣ ሌላው እጅግ ውድ የሆነበት ምክንያት

ዛሬ በስፋት የሚሰጡት መርፌዎች ጥቂት ናቸው። አቫስቲን በ2004 ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የዓይን ሐኪሞች ከ2005 ጀምሮ በትንሽ መጠን ዓይን ውስጥ መስጠት ጀመሩ። ልዩ ፋርማሲዎች ትልቁን ብልቃጥ በትናንሽ መርፌዎች ስለሚከፋፍሉት የአንዱ መርፌ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው። ሉሴንቲስ በ2006፣ አይሊያ በ2011፣ ቫቢስሞ በ2022፣ አይሊያ ኤችዲ ደግሞ በ2023 ለዓይን ተብለው ተፈቀዱ። አይሊያ ገበያ ላይ ሲወጣ የአንዱ መርፌ ዋጋ 1,850 ዶላር ነበር፤ ቫቢስሞ ደግሞ 2,190 ዶላር።

«ርካሹ ደካማ ነው ማለት ነው?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ድጋፍ ተካሂዶ ውጤቱ በ2011 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ ከዕድሜ ጋር ለሚመጣው «እርጥብ» የማኩላ በሽታ አቫስቲንና ሉሴንቲስ እይታን በመጠበቅ ረገድ እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። በስኳር ምክንያት ለሚመጣ የማኩላ እብጠት ግን በ2015 የወጣ ጥናት፣ እይታቸው በጣም ለቀነሰ ሕሙማን በመጀመሪያው ዓመት አይሊያ የተሻለ እንደሆነ አገኘ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአቫስቲን ጀምሮ በቂ ለውጥ ካልመጣ ወደ አይሊያ መቀየር፣ ከመጀመሪያው በአይሊያ ከመጀመር ጋር በሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አመለከተ።

ስለዚህ ሐኪሙን «ለእኔ ዓይን በአቫስቲን መጀመር ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይኸው መድኃኒት ለዓይን ሕክምና ከ2013 ጀምሮ ተካቷል። በተጨማሪም ከዋናዎቹ ጋር ተመሳሳይ ሆነው የተሠሩና ዋጋቸው ዝቅ ያለ «ባዮሲሚላር» የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ባዩቪዝና ፓቭብሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በመጀመሪያ የሚጠራው ነገር፦ የመነጽር ኢንሹራንስ አይደለም

ብዙ ቤተሰብ «ቪዥን ኢንሹራንስ የለንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቪዥን ኢንሹራንስ የሚሸፍነው የመነጽር ምርመራ፣ ፍሬምና ሌንስ ነው። የዓይን መርፌ ግን በሽታን ማከም ስለሆነ የሚከፈለው በዋናው የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። ለሬቲና ክሊኒኩ ማሳየት ያለባችሁ የሕክምና ካርዱን ነው።

ሌላው መጥራት ያለበት ነገር የመድኃኒት ካርዱ ነው። መርፌው ከፋርማሲ ተገዝቶ ቤት የሚወሰድ ሳይሆን ሐኪም በክሊኒክ የሚሰጠው በመሆኑ፣ በሜዲኬር ሥር የሚወድቀው በፓርት ቢ ነው። በፓርት ዲ ላይ በ2025 በ2,000 ዶላር የተጀመረው የዓመት ጣሪያ ለእነዚህ መርፌዎች አይሠራም። «ጣሪያ አለ ተብሏል፣ ምንም አይመጣብንም» ብለው የተዘናጉ ሰዎች የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ኦሪጅናል ሜዲኬር ያላቸው ምን ይከፍላሉ?

ፓርት ቢ በ2025 የወር መዋጮው 185 ዶላር፣ በዓመት አንድ ጊዜ መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው ዲደክቲብል ደግሞ 257 ዶላር ነበር። በ2026 መዋጮው 202.90፣ ዲደክቲብሉ 283 ዶላር ሆኗል። ዲደክቲብሉ ከተከፈለ በኋላ ሜዲኬር ከፈቀደው ዋጋ ውስጥ 80 በመቶውን ይከፍላል። 20 በመቶው የታካሚው ነው፤ ጣሪያም የለውም።

በምሳሌ እንየው። ዋጋው 1,850 ዶላር የሆነ መርፌ 20 በመቶው 370 ዶላር ነው። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ 4,440 ዶላር ይሆናል። ሁለቱም ዓይኖች ከሆኑ 8,880 ዶላር። በዚህ ላይ የሐኪሙ አገልግሎትና የዓይን ፎቶ ምርመራው 20 በመቶ ይጨመራል። በአንጻሩ የ70 ዶላር አቫስቲን ቢሆን የመድኃኒቱ 20 በመቶ 14 ዶላር ነው። የመድኃኒቱ ምርጫ የቤተሰቡን ጓዳ ምን ያህል እንደሚነካ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ይህን 20 በመቶ ለመሸፈን ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። ለምሳሌ ፕላን ጂ የተባለው፣ ከፓርት ቢ ዲደክቲብል በስተቀር 20 በመቶውን በሙሉ ይከፍላል። እዚህ ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው፤ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንስቶ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ የትኛውም ኩባንያ በሕመሙ ምክንያት ሊከለክለው አይችልም። ያ ጊዜ ካለፈ በአብዛኞቹ ስቴቶች ኩባንያው የጤና ታሪክ ጠይቆ እምቢ ማለት ይችላል። ስኳር ያለባቸውና ዕድሜያቸው ወደ 65 የቀረበ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች፣ ይህን ቀን ከአሁኑ ካላንደር ላይ አስፍሩ። ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት ድጋፍ ነው፤ ወደ ታች እናየዋለን።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላቸው ምን ልብ ይበሉ?

በርካታ ወገኖቻችን የተመዘገቡት በግል ኩባንያዎች በሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። ጥቅሙ የዓመት የወጪ ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። በኔትወርክ ውስጥ ለሚሰጥ ሕክምና ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጣሪያ በ2025 9,350፣ በ2026 ደግሞ 9,250 ዶላር ነው። ብዙ ፕላኖች ከዚህ ዝቅ ያለ ጣሪያ አላቸው፤ የራሳችሁን ጠይቁ። ውድ መርፌ በየወሩ የሚወስድ ሰው ጣሪያው ላይ በዓመቱ አጋማሽ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይከፍልም። ጥር ሲገባ ግን ከዜሮ ይጀመራል።

ጉዳቱ ቅድመ ፈቃድ መጠየቁና «በርካሹ ጀምር» የሚለው ደንብ ነው። ስቴፕ ቴራፒ ይባላል፤ ከ2019 ጀምሮ ለእነዚህ ፕላኖች ተፈቅዷል። ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው አዲስ ለሚጀምሩ ብቻ ነው። ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ በአንድ መድኃኒት ሲታከም የቆየ ሰው ፕላን ቢቀይር እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ ከርካሹ እንዲጀምር አይገደድም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፕላን ከመቀየራችሁ በፊት የሬቲና ሐኪማችሁ በአዲሱ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ያለው ትልቁ በር

በሜዲኬር ውስጥ ሆነው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ኪው-ኤም-ቢ የሚባል ፕሮግራም አለ። የሚተዳደረው በስቴቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ነው። ይህን ያገኘ ሰው የፓርት ቢ መዋጮው፣ ዲደክቲብሉና 20 በመቶው ይሸፈንለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሜዲኬርን የሚቀበል ሐኪም የኪው-ኤም-ቢ ተጠቃሚን ለቀሪው ሂሳብ እንዲከፍል መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። ደረሰኝ ቢመጣ እንኳ «ኪው-ኤም-ቢ አለኝ» ብሎ ካርዱን ማሳየት ነው።

በ2025 የወር ገቢ ጣሪያው በአብዛኞቹ ስቴቶች ለአንድ ሰው 1,325 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,783 ዶላር ነበር። የንብረት ጣሪያው ደግሞ በዚያው ዓመት ለአንድ ሰው 9,660፣ ለባልና ሚስት 14,470 ዶላር ነበር። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። አንዳንድ ስቴቶች ጣሪያውን ከፍ አድርገዋል፤ ስለዚህ «ትንሽ አልፏል» ብላችሁ ሳታመለክቱ አትቅሩ። ገቢያቸው ከዚህ ዝቅ ያለ ደግሞ ሙሉውን ሜዲኬይድ ሊያገኙ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ በነጻ የሚያማክር አካል በየስቴቱ አለ፤ ሺፕ ይባላል። በሚኒሶታ ሲኒየር ሊንኬጅ ላይን በሚል ስም ይታወቃል። ኢንሹራንስ አይሸጡም፣ ከማንም ኮሚሽን አይቀበሉም። በሜዲኬር ስልክ 1-800-633-4227 ደውላችሁ የስቴታችሁን ሺፕ ማግኘት ትችላላችሁ፤ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

አሜሪካ ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች

በልጆቻቸው አማካይነት ግሪን ካርድ አግኝተው የመጡ ወላጆች ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ዕድሜው 65 የሞላና ራሱም ሆነ የትዳር አጋሩ በአሜሪካ ለሜዲኬር በቂ ዓመት ያልሠሩ ግሪን ካርድ ያዥ፣ ሜዲኬርን በክፍያ መግዛት የሚችለው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ ነው። አምስተኛው ዓመት ሲቃረብ አስቀድሞ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል፤ የዘገየ ሰው የፓርት ቢ መዋጮው በየሙሉ ዓመቱ መዘግየት በ10 በመቶ ይጨምርበታል። ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው ፓርት ኤ ለእነዚህ ሰዎች ውድ ነው፤ በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ይደርስ ነበር። የዓይን መርፌ ግን በፓርት ቢ ስለሚሸፈን፣ ፓርት ኤን መግዛት ያልቻለ ሰው ፓርት ቢን ብቻ ለመውሰድ መጠየቅ ይችላል።

አምስት ዓመቱ እስኪሞላ ያለው ዋና አማራጭ በማርኬትፕሌስ በኩል የሚገዛ የጤና ኢንሹራንስ ነው። የቀድሞ በሽታ ምክንያት ሆኖ መከልከል የለም፤ የዓይን መርፌም በሕክምናው ክፍል ይሸፈናል። ፕላን ስትመርጡ የወር መዋጮውን ብቻ አትዩ። ወላጃችሁ በየወሩ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ዲደክቲብሉንና የዓመት ጣሪያውን አንድ ላይ ደምሩ። አንዳንዴ መዋጮው ከፍ ያለው ፕላን በዓመቱ መጨረሻ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሕጉ መለወጡን ማወቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ለስደተኞች የሜዲኬርና የሜዲኬይድ መብትን አጥብቧል። ግሪን ካርድ ያላቸው መብታቸው የቀጠለ ሲሆን፣ በጥገኝነትና በስደተኝነት ብቻ ያሉና ገና ግሪን ካርድ ያልያዙ ሰዎች ግን በአብዛኛው ከሜዲኬር ውጭ ይሆናሉ። አስቀድመው ተመዝግበው የነበሩትም ከጥር 2027 በፊት ወረቀታቸውን ካላስተካከሉ ሊያጡት ይችላሉ። በሜዲኬይድ በኩልም ተመሳሳይ ለውጥ ከጥቅምት 2026 ጀምሮ ይጸናል። ስለዚህ ለግሪን ካርድ ለማመልከት ብቁ ሆነው የዘገዩ ካሉ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግሩ። «ሜዲኬይድ ብወስድ ወረቀቴን ያበላሽብኛል» የሚል ስጋት ያለበትም ሰው ከጎረቤት ወሬ ይልቅ ይህን ጥያቄ ለጠበቃ ያቅርብ።

በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ያላቸው

ዕድሜያቸው ገና የሆነና በስኳር ምክንያት መርፌ የሚወስዱ ወንድምና እህቶች ብዙ ናቸው። በሥራ ቦታ ወይም በግል የተገዛ ኢንሹራንስ ላላቸው ሰዎች የመድኃኒት አምራቾች ራሳቸው የኮፔይ ድጋፍ ይሰጣሉ። የአይሊያና የቫቢስሞ አምራቾች ይህን ፕሮግራም አላቸው፤ የታካሚውን ድርሻ በዓመት እስከ ተወሰነ መጠን ይከፍላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻውን የሚያስገባው ክሊኒኩ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ይህ ድጋፍ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ላላቸው አይፈቀድም፤ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ኢንሹራንሶች አምራቹ የከፈለውን ገንዘብ ከዲደክቲብላችሁ ላይ አይቆጥሩላችሁም። ድጋፉ ሲያልቅ ሙሉው ዲደክቲብል እንደገና ይጠብቃችኋል ማለት ነው። «አምራቹ የከፈለው ይቆጠርልኛል?» ብላችሁ ኢንሹራንሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፋውንዴሽኖች፣ አምራቾችና ሆስፒታሎች

ሜዲኬር ኖሯቸው 20 በመቶው ለከበዳቸው፣ ነጻ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽኖች አሉ። ጉድ ዴይስ፣ ሄልዝዌል ፋውንዴሽን፣ ፓን ፋውንዴሽንና አሲስታንስ ፈንድ የሚታወቁት ናቸው። እነዚህ ድርጅቶች በሽታን በበሽታ ለይተው ፈንድ ይከፍታሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ይዘጋሉ፣ መዋጮ ሲገባ እንደገና ይከፍታሉ። ዛሬ «ተዘግቷል» ቢባል በሚቀጥለው ወር ሊከፈት ይችላል። የተጠባባቂ ዝርዝር ወይም የማሳወቂያ ምዝገባ ካላቸው ተመዝገቡ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይም ደግማችሁ ሞክሩ።

ምንም ኢንሹራንስ ለሌላቸው ወይም ኢንሹራንሳቸው ለከለከላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች፣ አምራቾቹ መድኃኒቱን በነጻ የሚሰጡበት ሌላ ፕሮግራም አለ። የቫቢስሞ አምራች የሆነው ጄነንቴክ የራሱ የታካሚዎች ፋውንዴሽን አለው፤ ለአይሊያም ተመሳሳይ ድጋፍ አለ። ማመልከቻው የገቢ ማስረጃና የሐኪም ፊርማ ይጠይቃል።

ሕክምናው የሚሰጠው በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥር ባለ ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ ሌላ መብት አለ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች በጽሑፍ የተቀመጠ የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ እንዲኖራቸው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ከመጣ በኋላ ለማመልከት ቢያንስ 240 ቀናት ይሰጣል፤ ሆስፒታሉም በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ክስ የመሰለ ከባድ የዕዳ ማስከፈያ እርምጃ መጀመር አይችልም። «ፋይናንሻል አሲስታንስ ማመልከቻ ስጡኝ» ማለት በቂ ነው። የግል የሬቲና ክሊኒኮች ይህ ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ ብዙዎቹ ይህን ሥራ የሚሠራ ሠራተኛ አላቸው።

ዘካ፣ ዕዳና ወለድ

አንዳንድ ክሊኒኮች ክፍያ ሲከብድ «የሕክምና ክሬዲት ካርድ» ያቀርባሉ። መጀመሪያ ላይ ያለ ወለድ ይመስላል፤ በተባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉው ካልተከፈለ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታሰበ ወለድ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ የሪባ ጥያቄ ከመሆኑ በላይ በገንዘብም አክሳሪ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት «ከክሊኒኩ ጋር ያለ ወለድ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈል እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የመስጂድ የዘካ ፈንድም ሊረሳ አይገባም። በሱረቱ አት-ተውባህ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ተቀባዮች መካከል ድሆች፣ ሚስኪኖችና ባለዕዳዎች ይገኛሉ። የሕክምና ዕዳ የተጫነበት ችግረኛ ጉዳዩን ለኢማሙ ወይም ለዘካ ኮሚቴው ቢያቀርብ መብቱን ጠየቀ እንጂ ልመና አልወጣም። ልጅ ለራሱ ወላጅ የሚያወጣው ወጪ ግን በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ የወላጅ ሐቅ እንጂ ዘካ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሁኔታ ኢማሙን መጠየቅ ይሻላል። ለመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ ሐሳብ አለን። የአንድ ሰው የዓመት 20 በመቶ ከመሸፈን በፊት ያንን ሰው ለኪው-ኤም-ቢ ማስመዝገብ፣ የፈንዱን ገንዘብ ለሌሎች ችግረኞች ያተርፋል።

በረመዳንም ቀጠሮ የሚዘሉ አሉ። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 በጂዳ ባካሄደው ጉባኤ የዓይን ጠብታና ምግብነት የሌላቸው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌዎች ጾም እንደማያስፈጥሩ ወስኗል። ስለ ራሳችሁ ሁኔታ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ግን ቀጠሮ አትሰርዙ።

«አልተፈቀደም» ሲባል

የእምቢታ ደብዳቤ የጉዳዩ መጨረሻ አይደለም። በሜዲኬር አድቫንቴጅ ለዚህ ዓይነት መድኃኒት የሚቀርብ ጥያቄ በ72 ሰዓት፣ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ሐኪሙ መዘግየት እይታን እንደሚጎዳ ጽፎ አስቸኳይ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። ከተከለከለ በኋላ ይግባኝ ለማለት በአድቫንቴጅ 65 ቀናት፣ በኦሪጅናል ሜዲኬር ደግሞ 120 ቀናት አሉ። ይግባኙን የሚያጠነክረው የሐኪሙ ደብዳቤ፣ የዓይኑ ፎቶና ከዚህ በፊት የተሞከሩ መድኃኒቶች ዝርዝር ነው።

ከኢንሹራንስ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ደረሰኝ አለመሆኑንም እወቁ። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት ማብራሪያ፣ ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለ የሚገልጽ ብቻ ነው። ከክሊኒኩ የሚመጣው ደረሰኝ ከዚያ ማብራሪያ ጋር እስኪመሳከር ድረስ አትክፈሉ።

አስተርጓሚም መብት ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤትና ኢንሹራንስ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን የዓይን ሕመምና የዕዳ ጉዳይ እንዲያስተረጉም አናድርግ።

ወደ ሀገር ቤት ለሚሄዱ

ብዙ አረጋውያን ክረምቱን ወይም የረመዳንን ወር በሀገር ቤት ማሳለፍ ይወዳሉ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ እንዲህ ያለ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የሬቲና ሐኪሙን «ስንት ሳምንት መቆየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መርፌው ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ እንዲሰጥና የሚቀጥለው ቀጠሮ ከመመለሻው ቀን ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። የሕክምና ማስረጃውንና የመድኃኒቱን ስም ይዞ መሄድም ይጠቅማል፤ ድንገት ቢያስፈልግ እዚያ ያለ የሬቲና ሐኪም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ከመርፌ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ከመጣ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

በቤታችሁ የዓይን መርፌ የሚወስድ ወይም እንዲወስድ የተነገረው ሰው ካለ፣ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል አድርጉ።

1. ያለውን ካርድ ሁሉ አውጡና የትኛው የሕክምና ኢንሹራንስ እንደሆነ ለዩ።

2. ክሊኒኩን የመርፌውን ስም፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውንና የእናንተን ድርሻ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

3. ሐኪሙን አቫስቲን ወይም ባዮሲሚላር ለዚያ ዓይን ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

4. ሜዲኬር ካለና ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ለኪው-ኤም-ቢ አመልክቱ፤ ሺፕ ይረዳችኋል።

5. የግል ኢንሹራንስ ከሆነ የአምራቹን የኮፔይ ድጋፍ፣ ሜዲኬር ከሆነ የፋውንዴሽኖቹን ፈንድ፣ ሆስፒታል ከሆነ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ጠይቁ።

6. መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቀጠሮ አትሰርዙ፤ ክሊኒኩን አነጋግሩ።

የሜዲኬር ቁጥር በስልክ ደውሎ ለሚጠይቅ ለማያውቁት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። «ነጻ የዓይን ሕክምና አለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚያነጣጥሩት በአረጋውያን ላይ ነው።

በመጨረሻ ለልጆች አንድ ቃል። ወላጆቻችን ይሉኝታ ያውቃሉ፤ ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀንሱት የራሳቸውን ሕክምና ነው፣ መቀነሳቸውንም አይናገሩም። ስለዚህ «ቀጠሮሽ መቼ ነው?»፣ «አባባ፣ ደረሰኝ መጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። አብሮ ክሊኒክ መሄድ፣ ቅጽ መሙላት፣ ስልክ ላይ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ከበጎ ውለታ ይቆጠራል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ፤ የዓይናቸውንም ብርሃን ይጠብቅላቸው። አሚን።